ዞር ዞር ብላችሁ ኑ

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ላይ ኬክ ተቆረጠልኝ። አለቃችን ኬቨን፣ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ የሆነ ጠበቃ፣ አንድ ወረቀት ይዞ ተነሳና በእጄ ያለፉትን ጉዳዮች መዘርዘር ጀመረ። አከራይና ተከራይ፣ ጎረቤትና ጎረቤት፣ ሸሪኮች፣ ወንድማማቾች። ጨርሶ ቀና አለና፣ «የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ተመልከቱ፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳይስማማ የወጣ አንድም ሰው የለም! ከአራት ዓመት ወዲህ ግን የሚስማሙት ቁጥር ወርዷል። ሙሉጌታ፣ አረጀህ መሰለኝ» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አለማርጀቴን፣ እንዲያውም ሥራው የገባኝ ቁጥሩ ከወረደ በኋላ መሆኑን፣ ኬክ በአፌ ሞልቼ ለኬቨን ማስረዳት አልቻልኩም። በዚያ ወረቀት ላይ «ተስማምተዋል» ተብሎ የተጻፈ፣ እኔ ግን ስምምነት ብዬ የማልጠራው አንድ ጉዳይ አለ። የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ስለ እሱ ለመጻፍ ደግሞ ከሚስ ኦፓል መጀመር አለብኝ፤ ያጠፋሁትን ጥፋት ጥፋት መሆኑን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸውና።

ሥራዬ አስታራቂነት ነበር፤ እዚህ አገር «ሚዲዬተር» ይሉታል። ሰዎች ተካሰው ፍርድ ቤት ሲመጡ፣ ከፈለጉ ዳኛ ፊት ከመቅረባቸው በፊት አንድ ክፍል ውስጥ አስታራቂ ይሰጣቸዋል። አስታራቂው አይፈርድም፤ ያነጋግራል። ከተስማሙ ይጻፋል፣ ይፈርማሉ፣ ዳኛው ያጸድቀዋል። ካልተስማሙ ወደ ዳኛው ይሄዳሉ፤ ክፍሉ ውስጥ የተባለው ግን እዚያው ይቀራል።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በጎን በር ነው። አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ። በሱዳን በኩል አድርጌ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ስገባ ያገኘሁት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጥበቃ ነበር። መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስቀበል ሰባት ዓመት አለፈ። ክፍያው ኪራይ ከፍሎ ለዳቦ ያስተርፍ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። በትርፍ ጊዜዬ አጥንቼ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ፈተና አለፍኩ። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሰው ሲዋሽ ውሸቱን፣ ሲሳደብ ስድቡን እንዳለ ያቀብላል። እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ የአስታራቂ ልጅ ነኛ።

አባቴ ጉለሌ ውስጥ ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ጋቢያቸውን ደርበው ይሄዳሉ፤ ሁለቱንም በየተራ ይቆጣሉ፤ ታናሹን «ተነስ፣ ይቅርታ ጠይቅ» ይላሉ፤ ከዚያ አስተቃቅፈው ይመርቃሉ። ሲያስታርቁ ፈጣን ነበሩ። «ሰይጣን ሳይገባበት እንጨርሰው» ይሉ ነበር። እኔም ትልቅ ሰው ስሆን እንደ እሳቸው እሆናለሁ ብዬ ነው ያደግሁት።

ሚስ ኦፓልን ያገኘኋቸው ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ለአንድ የሥጋ ቤት ባለቤት ሳስተረጉም ነው። የዌስት ኦክላንድ ልጅ ናቸው፤ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ባርኔጣ የማይለያቸው። አስታራቂ ከመሆናቸው በፊት ከሃያ ዓመት በላይ የአውቶቡስ ሾፌሮችን ፈረቃ ሲመድቡ ኖረዋል። የማይነጋገሩ ሁለት ሾፌሮችን ፈረቃ ማለዋወጥ ከፍርድ ቤት ጉዳይ ሁሉ እንደሚከብድ ይነግሩኝ ነበር፤ አልጠራጠርም።

የቀጠሮው ቀን ቀድሜ ደረስኩ ብዬ ስገባ እሳቸው ቀድመውኛል። አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ጥቂት ይቆያሉ፣ ይነሱና ሌላው ላይ ይቀመጣሉ። ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳያቸው፣ «እዚህ የሚቀመጠው ሰው ዓይኑን ፀሐይ ትወጋዋለች። ዓይኑን ያጠበበ ሰው ደግሞ የተናደደ ይመስላል» አሉና መጋረጃውን ሳብ አደረጉት። አንደኛው ወንበር እግሩ ይነቃነቅ ስለነበር ለራሳቸው ወሰዱት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ብርጭቆ ደረደሩ፣ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ እርሳስ ቀረጹ። እስክሪብቶ አልታየኝም። ብጠይቃቸው፣ «እስክሪብቶ የሚወጣው ሁሉም ሰው ሐሳቡን ከጨረሰ በኋላ ነው» አሉኝ።

ክሱ የጩኸት ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ ግርማ አጥንት የሚቆርጥበት የኤሌክትሪክ መጋዝ አለው። ከፎቅ ላይ ደግሞ ሚስተር ሊን የሚባሉ ቻይናዊ አዛውንት ልጆችን ፒያኖ ያስተምራሉ። መጋዙ ሲጮህ ፒያኖው ይቆማል፤ ፒያኖው ሲጀምር ግርማ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። እንዲህ ሲናከሱ ከርመው በመጨረሻ ሚስተር ሊን ከሰሱ።

ሚስ ኦፓል ሁለቱም የሆዳቸውን እስኪናገሩ ድረስ አላቋረጡም። ከዚያ ወደ ግርማ ዞረው፣ «ሚስተር ሊን ያሉትን ንገረኝ። ትስማማበታለህ ወይ አላልኩህም፤ ያሉትን ብቻ። እሳቸው ‹አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው› እስኪሉ ድረስ» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ እሱ ያለውን እኔ ምን አገባኝ?» አለኝ ግርማ በአማርኛ። «እኔ ኮርት የመጣሁት የራሴን ለማስረዳት ነው!»

እንዳለ ተረጎምኩ። ሚስ ኦፓል ዝም ብለው ጠበቁ። የእሳቸው ዝምታ የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ ጊዜ እንዳለህ የሚነግርህ ዓይነት ነበር። ግርማ አንዴ ሞከረ፣ ሚስተር ሊን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለተኛ ሞከረ፣ አሁንም አይደለም አሉ። በሦስተኛው፣ «ልጆቹ ፈተና አለባቸው። መጋዜ ሲነሳ እጃቸው ይደነግጣል። አንድ ልጅ በዚህ የተነሳ ትምህርቱን ትቷል፤ ሰውዬው ደግሞ የሚኖረው በእነሱ ነው» አለ። ሚስተር ሊን ወንበራቸውን ደገፍ ብለው፣ «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» አሉ። ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

በተራቸው እሳቸውም የግርማን ተናገሩ። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ በኋላ ና ማለት እንደማይችል፣ ሥጋ ቤቱን የከፈተው በብድር እንደሆነ። በዚህ መሐል ግርማ ማናችንም ያላሰብነውን አወጣ። «ጋሼ በልልኝ፤ አንዲት ልጅ አለች፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ትሰናከላለች። እዚያች ቦታ ስትደርስ ቢላዬን አስቀምጬ ነው የምጠብቃት። ዛሬስ ታልፋት ይሆን እላለሁ።» ሲተረጎምላቸው ሚስተር ሊን ሳቅ ብለው «እኔም» አሉ።

አጥንት ጠዋት ጠዋት ሊቆረጥ፣ ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ሊሆን ተስማሙ። ግርማ ተነስቶ ሰውዬውን ሊያቅፍ ክንዱን ዘረጋ። እኔ እንኳ አስተርጓሚ መሆኔን ረስቼ ልመርቅ ምንም አልቀረኝም። ሚስ ኦፓል እርሳሳቸውን አስቀመጡና፣ «አሁን ዞር ዞር ብላችሁ ኑ። በየፊናችሁ፣ አሥር ደቂቃ። ስምምነቱ እውነተኛ ከሆነ ስትመለሱ እዚሁ ታገኙታላችሁ» አሉ።

እንዴት በሞቀበት አይጨረስም? ሰይጣን መጋበዝ እኮ ነው! አስተርጓሚ ነኝና ያሉትን ብቻ ተረጎምኩ። ግርማ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። «ጋሼ፣ ፕሮብሌም አለ። ጾም ሲፈታስ? የፋሲካ ዋዜማ ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚሰለፍብኝ። ጠዋት ብቻ ነው የምቆርጠው ብዬ ሳይን አድርጌ ቃሌን ልጠፍ?» ሚስ ኦፓል ላጲስ አነሱ። የበዓል ዋዜማዎቹ ተቆጥረው ተጻፉ፤ ሚስተር ሊን በእነዚያ ቀናት ትምህርት ላይሰጡ ተስማሙ። ያኔ ነው እስክሪብቶው ከቦርሳ የወጣው።

ስንወጣ፣ «ተቀምጦ ሳለ ለምን አልተናገረም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰው እያየው ነበር» አሉ። «ውጭ ማንም አያየውም።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ሥጋ ልገዛ ግርማ ዘንድ ገባሁ። ፒያኖው ይሰማል። ግርማ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «እሽሽ፣ ስማት!» አለኝ። ልጅቷ እዚያች ቦታ ላይ ደረሰችና አለፈቻት። ሥጋዬን ሲመዝን ሩብ ኪሎ ያህል ጨመረልኝ።

አስታራቂ የመሆን ምኞት ያደረብኝ በዚያ ጉዳይ ነው። ሥልጠናውን ወሰድኩ፤ ቅጹ፣ የምስክር ወረቀቱና የጣት አሻራው እንደ ልማዱ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ሚስ ኦፓል በሚሠሩበት፣ ኦክላንድ ከተማ ሐይቅ አጠገብ ባለው ቢሮ ተቀጠርኩና ቤቴንም ወደዚያ አዛወርኩ። እሳቸው ሀይዌይ ላይ መንዳት ስለማይወዱ ሳን ሆዜ ጉዳይ ሲኖራቸው የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤቴ 880 መንገድ ላይ፣ በተጨናነቀ ሰዓት፣ የእኔ አሮጌ ኮሮላ ውስጥ ነበር። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የዕለቱን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ያስነግሩኛል። ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ ስናነጋግር፣ ከክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት የሚጠይቋት አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው፦ «ከነገርከኝ ውስጥ የትኛውን ወደዚያኛው ክፍል ይዤ ልሂድ? የትኛውንስ እዚህ ልተወው?» ሰዎች ይህን ሲጠየቁ ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ምስጢራቸው የራሳቸው መሆኑን የነገራቸው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረማ። እኔ ከማንም ሰው የዚያን ያህል የተማርኩ አይመስለኝም።

ብቻዬን ጉዳይ መያዝ ስጀምር የሐበሾቹ ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። በሩን ከፍቼ ስገባ ሽበቴን ሲያዩ ሁለቱም ወገኖች ይነሳሉ። «ጋሼ» ይሉኛል፣ ወንበር ይስቡልኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን አስዋሸኝ። መስታወት ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት «ሄይ ቦስ» ሲባል የኖረ ሰው ነኝ። ከፈረንጆቹ ጋር ስቀመጥ የሚስ ኦፓልን ሥርዓት አንድ በአንድ እከተላለሁ። ከሐበሾቹ ጋር ግን ዞር ዞር ማለት የሚባለውን ተውኩት። «እነሱ የእኛን ባህል አያውቁም» እያልኩ፣ እንደ አባቴ በሞቀበት እጨርስ ነበር። ሁሉም ይስማማሉ። ኬቨን ስብሰባ ላይ ያመሰግነኛል። ሚስ ኦፓል አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ «ሁሉም? አንድም እምቢ ያለ የለም?» ብለው ጠየቁኝ። «አንድም» አልኳቸው እየኮራሁ። ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

የወይዘሮ ለተብርሃን ጉዳይ የመጣው በዚህ ኩራቴ መሐል ነው።

ወይዘሮ ለተብርሃን ኤርትራዊት ናቸው፤ ካዛንቺስ ያደጉ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ። ቴሜስካል በሚባለው የኦክላንድ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ቤት ጓሮ ባለች ሁለት ክፍል ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። እዚያው ልብስ ይሰፋሉ። የሰርግ ቀሚስ ያጠባሉ፣ የክርስትና ልብስ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ደንበኞቻቸው በእግራቸው የሚመጡ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸው ስለደከመ መኪና አይነዱም። ቤቱን በቅርቡ የገዛው ዮናስ የሚባል የኤርፖርት ሾፌር ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። አባቱን ስትሮክ መቷቸው፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታስረው ነበር። የጓሮዋን ቤት ለወላጆቹ ፈልጎ ልቀቁልኝ አለ፤ እሳቸው አልለቅም አሉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ነጭ ሹራብ ለብሰው፣ ጥቁር የእጅ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን ቦርሳው መዝጊያ ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። ዮናስ ቀደመ። «ጋሼ፣ እትዬን ለማስቸገር አይደለም። ፋዘሬ ስቴርስ መውጣት አይችልም። የዶክተር አፖይንትመንት ሲኖረው እኔና ወንድሜ በወንበር ተሸክመን ነው የምናወርደው። አንድ ቀን ልንጥለው እንችላለን።»

«አውቃለሁ ልጄ። እግዚአብሔር ይማራቸው» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን። ቦርሳቸውን ከፈቱ። የታጠፈ ወረቀት ጫፍ ብቅ ሲል አይቻለሁ። እምላለሁ፣ አይቻለሁ። ግን የሚናገረው የኔ አፍ ነበር፤ «ወይዘሮ ለተብርሃን፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። የታመመ ሰው ጉዳይ ነው። ሦስት ወር ጊዜ ይስጥዎትና በሰላም ይልቀቁለት። ስለ እኔ ብለው።»

ወረቀቱን መልሰው ከተቱት። ቦርሳው ጠቅ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «እርስዎ ካሉማ እኔ ምን እላለሁ፣ ጋሼ። እሺ» አሉ።

ለየብቻ አላነጋገርኳቸውም። ዞር ዞር ብላችሁ ኑ አላልኳቸውም። ከኪሴ ያወጣሁት እስክሪብቶ ነበር። ዮናስ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ አንስተው ግንባሩን ሳሙት፤ እኔ መረቅሁ፤ አሜን ተባለ። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ዳሩን ወደ ቤቴ ስሄድ አባቴ ትዝ አሉኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቢያዩኝ ኖሮ ብዬ።

ከወራት በኋላ፣ መኪናዬን ሳልይዝ ከሳን ሆዜ ስመለስ፣ ከኦክላንድ ራቅ ባለችው ዩኒየን ሲቲ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ፣ «ጋሽ ሙሉጌታ! እንደምን ሰነበቱ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው። ከስተዋል።

«እዚህ ነው የገቡት?» አልኳቸው።

«የእህቴ ልጅ ዘንድ ነኝ። ሳሎኗ ውስጥ አንጥፋልኛለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት።»

«ስፌቱስ?»

«ማሽኗ አለች፤ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ከታች ያሉት ኮምፕሌይን አደረጉ፣ ድምፅ አለው ብለው። ደግሞ ለአንድ ዚፕ ብሎ ማን እዚህ ድረስ ይመጣል?»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

በእውነት ገርሟቸው አዩኝ። «ሽማግሌ ስለ እኔ ብለው ብሎ ለምኖኝ፣ ፊት ለፊቱ እምቢ ልበል? እኔ እንደዚያ አላደግሁም፣ ጋሼ።» ድምፃቸው ውስጥ ቂም ፈልጌ አጣሁ። ባቡሬ መጣ፤ «ደኅና ይግቡ» ብለው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ለሚስ ኦፓል መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። «የተናገሩትን ቃል በቃል ተርጉምልኝ» አሉ፤ ተረጎምኩ። «አቁም» አሉኝ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገብቼ አቆምኩ። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ እኮ አልተስማማችም፣ ሙሉ። ስጦታ ነው የሰጠችህ። አንተን አክብራ ቤቷን ሰጠችህ። ለምን ተቀበልክ?»

ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላጽናኑኝም። «ቦርሳው ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። «ሁሉም ይስማማሉ ያልከኝ ቀን አጥብቄ መጠየቅ ነበረብኝ። ያ የእኔ ጥፋት ነው» አሉና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

ከዚያ ወዲህ ሐበሾች ሲመጡልኝ ገና በሩ ላይ፣ «ዕድሜዬን ያውላችሁ፣ እዚያ ኮት መስቀያ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ስትወጡ ትመርቁኛላችሁ፤ እዚህ ውስጥ ግን ስለ እኔ ብሎ እሺ ያለ ሰው ሥራዬን ያበላሽብኛል» እል ነበር። ይስቃሉ። ከዚያ ለየብቻ አነጋግራቸዋለሁ፤ ሲስማሙም ወደ ሐይቁ እሰዳቸዋለሁ። አንዳንዱ ተመልሶ «ጋሼ፣ አልችልም» ይለኛል። አንዳንዱ ጨርሶ ሳይመለስ ይቀራል። ቁጥሬ ወረደ። ከተስማሙት ውስጥ ግን ባቡር ጣቢያ ላይ ሳገኘው አንገቴን የምደፋበት ሰው የለም።

ወይዘሮ ለተብርሃንን ግን መድረስ አልቻልኩም። ፊርማው ጸድቋል፤ የሥራው ሕግ ደግሞ ያለቀ ጉዳይ ባለቤት ቤት ሄዶ ማንኳኳት አይፈቅድም። ጡረታ ስወጣ መጀመሪያ ያሰብኩት እሳቸውን ነው። ሳክራሜንቶ ልጃቸው ዘንድ ለሚኖሩት ለሚስ ኦፓል ደወልኩ። «የምትሄደው ለእሷ ነው ወይስ ለራስህ?» አሉኝ። «ለሁለታችንም መሰለኝ» ብላቸው፣ «እንግዲያው የራስህን ድርሻ መኪናህ ውስጥ ተወው» ብለው ዘጉት።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቀድሜ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የእህታቸው ልጅ ሰላም ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ ማሽኗ ጨርቅ ለብሳ፣ አናቷ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦባታል። ወይዘሮ ለተብርሃን ገና ሳልቀመጥ ሻይ አቀረቡልኝ። እኔም አልቆየሁም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ያን ዕለት ሊናገሩ ሲሉ አፍዎን ዘጋሁ። ወረቀቱን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ሽበቴን ተጠቅሜ ቤትዎን አስለቀቅሁ።»

«ኧረ ጋሼ ምን በወጣዎት! ይቅር ለእግ…» ብለው ሊነሱ ሲሉ እጄን አነሳሁ።

«አሁን አይመልሱልኝ። እባክዎ ዞር ዞር ብለው ይምጡ። ውጭ፣ ብቻዎን። እምቢም ካሉ እምቢ ነው፤ አልቀየምም።»

ቆመው አዩኝ። ሰላም ሻይዋን አስቀምጣ፣ «ጎ፣ አንቲ። ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ሴይ የስ» አለቻቸው፤ ሂጂ፣ እሺ የማለት ግዴታ የለብሽም ማለቷ ነው። ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

በመስኮቱ አያቸው ነበር። የመኪና ማቆሚያውን አንድ ዙር ዞሩ። ሁለተኛ ዞሩ። በሦስተኛው አንድ ዛፍ ሥር ቆመው ብዙ ቆዩ። የሚስ ኦፓል አሥር ደቂቃ አርባ ሆነ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ። ሲመለሱ ነጠላቸውን አጣጥፈው አስቀመጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ይቅር ልልዎት ፈልጌ ነበር» አሉ። «ከአንገት በላይ እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ። አልመጣልኝም። ገና ነው።»

አመመኝ፤ አልዋሽም። ደግሞ በዚያው ቅጽበት፣ እኚህ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የልባቸውን እንደነገሩኝ ገባኝና ደስ አለኝ። «እሺ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነው ጥቁሯን ቦርሳ ከሶፋው ጎን ያነሱት። ያወጡት የዚያን ዕለቱ ወረቀት እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ፦

«ቤቱን እለቃለሁ። ለታመመ ሰው እንቅፋት አልሆንም። ነገር ግን ጓሮው ውስጥ ያለችው የዕቃ ክፍል ባዶዋን ናት። ማሽኔን እዚያ ላስቀምጥ። በሳምንት አራት ቀን እየመጣሁ ልስፋ፣ ሰፈሬ እንዳይጠፋብኝ። የዮናስን አባትም ብቻቸውን እንዳይውሉ ገባ እያልኩ አጫውታቸዋለሁ።»

ዮናስ ይህን ቢሰማ ኖሮ ቁልፉን በዚያው ሰዓት ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣቸው ነበር። አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ለዮናስ አሁኑኑ ልደውል የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት። ወንበሬን ጠጋ አደረግሁና፣ «ያሉትን ልናገር፤ ካልተሳካልኝ ያርሙኝ» አልኳቸው።

«ለማሽንዎ ቦታ ነበር የፈለጉት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም።»

እንደገና አሰብኩ። «ቤቱን ሊለቁለት ወስነው ነው የመጡት፤ ማንም ሊለምንዎት አያስፈልግም ነበር። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያውቁዎት ሰዎች መሐል መዋል። እኔ ሊሰጡ የመጡትን ሰው ለመንኩ፣ የሚፈልጉትን ግን አልጠየቅሁም።»

ወይዘሮ ለተብርሃን መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለታችን መሐል አስቀመጡት።

«አዎ» አሉ። «ያልኩት እሱን ነው።»